ከሰኔ ማርያም ወዲህ አልጣላትም

አዲስ አበባ፣ አራዳ
ሰኔ 8 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለአልጋነሽ፣

ሰላም ብያለሁ። ጤናዬን ለጠየቅሽው፣ ደህና ነኝ፤ ግን ተናድጃለሁ።

የለም፣ አይናዲስን አላስገደድኳትም። ልጅሽ የሃያ ሦስት ዓመት ሴት ናት። ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ባለው መሥሪያ ቤቷ በጽሕፈት መኪና ስትመታ ውላ፣ ማታ እኔ ቤት ገብታ የምታድር፣ በራሷ ደመወዝ የምትኖር ሰው ናት። እኔ ያልኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጠበሉን ተጠመቂ፣ ክኒኑን ግን አትተዪ። አንቺ ደግሞ ከጎሬ ሆነሽ «ጠበልና ክኒን አይስማሙም» ብለሽ ላክሽባት። ይህን ማን ነገረሽ? ዕድሜዬን ሙሉ ሕግ ሳረቅ ኖሬያለሁ፤ እንዲህ የሚል አንቀጽ የት እንዳለ አሳዪኝ። ቄሱ ዘንድ ሄጄ ራሳቸውን ጠይቄያለሁ። «እኔ እንዲህ አላልኩም፤ መድኃኒቱንስ ማን የፈጠረው መሰለህ?» አሉኝ። የሚሉት ወረፋ ላይ የሚቆሙት ሴቶች ናቸው። ልጅሽ ቄሱን ትታ ወረፋውን ሰማች።

ክኒኗን ካቆመች ሳምንት ሆናት። ቅዳሜ ሁለት ጊዜ ጣላት። ከጓሮ የምትኖረው አሰፋች ሮጣ መጥታ ክብሪት ለኩሳ አፍንጫዋ ሥር ያዘች። «አጥፊው!» ብዬ ስጮህባት «ጋሼ፣ እርስዎ የሚያውቁት አዋጅ ነው፤ ይህን ለእኛ ይተዉልን» አለችኝ። ልጅቷን በጎኗ አስተኛሁና እስክትነቃ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችው ቀሚሷ ተገልቦ እንደነበረ ነው።

ዶክተር ሲራጅ ይህን ክኒን በአንድ ጊዜ መተው ጨርሶ ካለመጀመር የከፋ ነው ብሎኛል። ስለዚህ ለትንሿ ልጅሽ ለአዳነች ስል አስጠነቅቅሻለሁ። የሁለቱም በሽታ ያው የሚጥል በሽታ ነው፣ ክኒናቸውም አንድ ነው። የአዳነች እንዳይቋረጥ። እስከ መስከረም የሚበቃትን በፖስታ ልኬአለሁ።

ደብዳቤሽን የሚጽፍልሽን አቶ አጽብሐን ንገሪው፤ ለኔ ሲጽፍ የፍርድ ቤት አቤቱታ እንደሚጽፍ አያሸብርቅ።

አጥናፉ

*

ጎሬ
ሰኔ 17 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሼ አጥናፉ፣

የጎሬ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ የሚያወርደውን ጠብታ ያህል ሰላምታዬ ይድረስዎ። (ይህን ያለው አጽብሐ ነው። እኔ ያልኩት «እንደምን አሉ» ብቻ ነው።)

ቁጣዎ ከደብዳቤው ቀድሞ ነው ደጄ የደረሰው። ይቆጡ፣ ግድ የለም። ግን እስኪ እርስዎም ይስሙኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ክኒን አዋጥኩ። ዳኑልኝ? ክኒኑ አስተኛቸው እንጂ አላዳናቸውም። አዳነችን ከትምህርት ቤት ያስወጡብኝ ክኒን እየዋጠች ነው። «ትንፋሿ ይጋባል» ብለው የሌሎቹ ወላጆች ተሰልፈው መጡ። ዛሬ ድረስ ጎረቤት ውኃ ሲሰጣት ኩባያውን «ይዘሽው ሂጂ» ይላታል። እርስዎ በአዋጅ የሚያስቆሙት ነገር ከሆነ ያስቁሙልኝ።

አሁን ደግሞ አይናዲስን የጠየቃት ልጅ አለ። የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነው፣ እርስዎም አይተውታል። ሚስቱ ማታ ማታ ክኒን ስትውጥ ቢያይ ምን ይላል? «ከማግባቴ በፊት ልዳን» ያለችኝ እሷው ናት። እኔ ወደ ጠበሉ ሂጂ አልኩ፤ ክኒኑን ልተው ያለችው እሷ ናት። እሺ፣ እኔም አልከለከልኳትም።

አዳነች እየዋጠች ነው፤ ለጠየቁኝ መልሱ ይኸው። ታላቋ ከዳነች ግን ለታናሿም ያው ነው የማደርገው። ከዚያ ወዲህ ጣላት ወይስ አልጣላትም? እሱን ብቻ ይጻፉልኝ። ሌላውን ቁጣዎን አውቀዋለሁ።

እኅትዎ አልጋነሽ

*

አዲስ አበባ፣ አራዳ
ሐምሌ 3 ቀን 1976 ዓ.ም.

አልጋነሽ፣

ሳልመልስልሽ ስለቆየሁ ይቅርታ። ቤቱ ውስጥ ሰው በዝቶ ነበር።

የጠየቅሽኝን በተራ እመልሳለሁ። ከሰኔ ማርያም ወዲህ አንድም ጊዜ አልጣላትም። ክኒን አትውጥም። በስተኋላ ላይ በላክሽው ማስታወሻ ለምን ዝም አለች ላልሽው፣ የምትጽፍበት መኪና የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ እሷ ደግሞ ሥራ አትገባም። የጨርቅ ነጋዴው ልጅ መጥቶ ነበር። ብዙ ሰዓት ተቀምጦ ሄደ። ክፉ ቃል አልተናገረም።

ቀበሌው ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል የሚደረገውን የሰልፍ ልምምድ ደጋግማ ቀርታለች ብሎ የማስጠንቀቂያ ወረቀት ጻፈባት። የተቀበልኩላት እኔ ነኝ። ሊቀመንበሩን ሄጄ ብነግረው «ጓድ አጥናፉ፣ ስሟ መዝገባችን ላይ እስካለ ድረስ ትጠራለች» አለኝ። የስኳር ድርሻዋንም መዝነው በእጄ ሰጡኝ። ተቀብዬ ወደ ቤት መጣሁ። መደርደሪያው ላይ ነው ያለው፣ የነካው የለም።

ክፍሏ እንዳለ ነው። አሰፋች አልፋ አልፋ በሩን ታንኳኳና ታዳምጣለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ስለ አዳነች ከዚህ በፊት የጻፍኩትን አልለወጥኩም። ክኒኗ እንዳይቋረጥ። ይህን ደብዳቤ ደግመሽ አስነብቢው፤ አንድም የሐሰት ቃል የለበትም።

አጥናፉ

*

ጎሬ
ሐምሌ 14 ቀን 1976 ዓ.ም.

ጋሼ!

አጽብሐ «ከሰኔ ማርያም ወዲህ አልጣላትም» የሚለውን ሲያነብልኝ እልል ብዬ ብነሳ ወንበሩ ተገለበጠ። ሦስት ጊዜ አስነበብኩት። በማርያም ቀን መሆኑንስ አዩት? እርስዎ እንኳ አዩት፤ ቀኑን ለይተው የጻፉት እርስዎ ነዎት። ሕግ አዋቂው ተረቱ! አይዞዎት፣ ለሰው አልናገርም።

ምነው ታዲያ አልተደሰቱም? ደብዳቤዎ እንደ ቀዝቃዛ ድንጋይ ነው። ልጅቷ ድናልዎ ስለ ስኳር ይጽፉልኛል። ሥራ ላይ ካልሆነች ትረፍ፤ በእጇ ሁለት መስመር ትጻፍልኝ ግን።

አንድ ነገር ልንገርዎና አይሳቁብኝ። ዓርብ በጠራራ ፀሐይ፣ ዝናብ ጋብ ባለበት ሰዓት፣ ከጓሮ የጽሕፈት መኪና ሲመታ ሰማሁ። ቀጥ ብሎ ይመታል፣ ያቆማል፣ መስመር ሲለወጥ እንደሚያደርገው ቂር ይላል። ዝናብ ከቆርቆሮው እየተንጠባጠበ ነው አልኩ። አዳነች ግን ከእንጨት ማገዶው ዘንድ ቀና ብላ «እማዬ፣ አይናዲስ መጣች እንዴ?» አለችኝ። ወጥተን አየን። ቆርቆሮው ደርቋል። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን በሕልሜ እየመጣች ደጃፉ ላይ ትቆማለች። ግቢ ስላት «ጫማዬ ረጥቧል» ትለኛለች። ናፍቃኝ ነው።

አዳነችን ጠበል አስጀመርኳት። ክኒኑን ቤት ውስጥ ማስቀመጥ እምነት ማጉደል መሰለኝና ወንዝ ውስጥ ደፋሁት። ከእንግዲህ አይላኩ፤ ለሚያስፈልገው ይስጡልኝ።

ደስ ያላት እኅትዎ አልጋነሽ

*

አዲስ አበባ፣ አራዳ
ሐምሌ 23 ቀን 1976 ዓ.ም.

አልጋነሽ፣

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ክኒን አለ። ለአዳነች ዛሬውኑ ስጫት። ሌላውን ከዚያ በኋላ አስነብቢ።

ዘመዶቻችን ተሰብስበው ይህን እንዳልጽፍ አስጠንቅቀውኝ ነበር። መርዶ በወረቀት አይነገርም አሉ። ክረምቱ ሲወጣ ጎሬ ድረስ መጥተው፣ በማለዳ ደጅሽን አንኳኩተው፣ ከብበውና ደግፈው ሊነግሩሽ ነበር። ደንቡ እንዲህ ስለሆነ ተስማማሁ። እኔ ልቅደም ብዬ ስጠይቅ ደግሞ ቀበሌው እስከ በዓሉ ድረስ የይለፍ ወረቀት አይሰጥም አለኝ። ስለዚህ ሳልዋሽ መደበቅ እችላለሁ ብዬ ያን ደብዳቤ ጻፍኩ። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ትክክል ነበር። አንቺም ትክክለኛውን ዓረፍተ ነገር ይዘሽ የሁለተኛ ልጅሽን መድኃኒት ወንዝ ውስጥ ደፋሽ።

አይናዲስ ሰኔ 21 ቀን ሞታለች።

ጠዋት ተጠምቃ መጣች። በርዶኛል፣ ጋደም ልበል አለች። እኔ ከግድግዳው ማዶ ረቂቅ እያረምኩ ነበር፤ ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ስትገላበጥ እንኳ ይሰማኛል። አልጮኸችም። አልጋው አልተንቀጠቀጠም። አሰፋች ለምሳ ልትጠራት ስትገባ በደረቷ ተኝታ፣ ፊቷ ትራሱ ውስጥ ገብቶ አገኘቻት። ክብሪት ለኮሰች፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላ፣ እሱም ሲያልቅ ሌላ። በዚያን ጊዜ «አጥፊው» ለማለት አፍ አልነበረኝም።

ዶክተር ሲራጅን እስኪሰለቸው ጠየቅኩት። ከእሳት፣ ከውኃ፣ ከገደል ትጠብቋቸዋላችሁ፤ ይህኛው ግን በእንቅልፍ የሚመጣ ነው አለኝ። ከጣላቸው በኋላ ትንፋሽ ይቆማል፣ ወይም ልብ ይቆማል። ለምን አንዱን ትቶ አንዱን እንደሚወስድ ማንም በትክክል አያውቅም። የሚታወቀው፣ ደጋግሞ የሚጥላቸውን ሰዎች ይበልጥ እንደሚያገኝ ነው፤ ክኒን በድንገት ሲቋረጥ ደግሞ ደጋግሞ ይጥላል። ክኒኑ በሽታውን ባይነቅልም ያንን በር ይዘጋ ነበር። «ይተኛሉ እንጂ አይድኑም» ያልሽው ይህንኑ ነው። ይተኙ፤ ከእንቅልፍ ይነሳሉና።

በእኔ ላይ የፈለግሽውን በይ። ለአዳነች ግን ስጫት።

አጥናፉ

*

ጎሬ
ነሐሴ 5 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሼ አጥናፉ፣

ሰላምታ ያበዙበት ደብዳቤ ደረሰኝ፤ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የአይናዲስን ሁለት ጉንጭ ይሳሙልኝ። ማረፏ ጥሩ ነው፤ ግን «ሰነፍሽ» ብላሻለች ይበሏት።

ክኒን እንደገና መላክዎን ሰማሁ። ጋሼ፣ እልከኛ ነዎት። ታላቋ ያለ ክኒን ድና ታናሿን ለምን አሳስራለሁ? አዳነችን ሰኞ ጣላት፤ ረቡዕም እንደዚሁ። በሽታው ሲወጣ እንዲህ ነው፣ አንዴ ይበረታል ይሉኛል። የአይናዲስስ ሊለቃት ሲል በርትቶ አልነበር? እርስዎው ነዎት የጻፉልኝ።

እኅትዎ አልጋነሽ

ጌታዬ ሆይ፣ ከዚህ በታች ያለውን የምጽፈው ወይዘሮ አልጋነሽ ከተነሱ በኋላ ነው። ደብዳቤዎን ስከፍት ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ነበር። ዓይኔ ከአፌ ቀድሞ ወደ ታች ወረደ። «ምን ይላል?» አሉኝ። «ሰላምታ ያበዛል» አልኳቸው። «ጋሼ? ሰላምታ? ታመው ይሆናል» ብለው ሳቁ። ጌታዬ፣ በዚህ ከተማ የሰው ደብዳቤ ሳነብ ሸምግያለሁ፤ ሞት ግን አንብቤ አላውቅም። እዚህ አገር መርዶ ያነበበ ሰው ራሱ እንደገደለ ይታያል። ሰዎች ይላኩ። ስለ ክኒኑ አጥብቄ ነግሬያቸዋለሁ፣ የማይሆን ሆነ። ክኒኑን እኔ ዘንድ አስቀምጬዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ላስታውስዎ። እናትና ልጅ በመሠረተ ትምህርት አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ፊደል ለይተዋል። የእጅ ጽሑፍ ይቸግራቸዋል እንጂ በመኪና የተጻፈ ቀስ እያሉ ያነባሉ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ቢመጣ እኔን አይጠሩም። ልጅቷ ሳትኖር ለእናትየው በእጃቸው እሰጣለሁ። የተጻፈውን ግን አላውቅም።

አጽብሐ

*

አዲስ አበባ፣ አራዳ
ነሐሴ 14 ቀን 1976 ዓ.ም.

አልጋነሽ፣

ይህን ብቻሽን አንብቢ። አዳነች እንዳታይ።
የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አጥናፉ። በአይናዲስ መኪና ነው። አለቃዋ ፈቀደልኝ።
አይናዲስ ሞታለች። የሞተችው በሰኔ ማርያም ዕለት ነው።
አልጣላትም ያልኩሽ ስለሞተች ነው። አልዳነችም።
ክኒኗን ተወች። ደጋግሞ ጣላት። ተኝታ ሞተች።
አዳነችም ክኒኗን ትታለች። እሷንም ደጋግሞ እየጣላት ነው።
ክኒኑ አጽብሐ ዘንድ አለ። አሁን ሄደሽ ተቀበይ። ማታ ማታ አንድ ስጫት።
ሲጥላት በጎኗ አስተኚያት። አፏ ውስጥ ምንም አታስገቢ። አጠገቧ ተኚ።
ከዚያ አልቅሺ።

አጥናፉ

*

ጎሬ
ነሐሴ 24 ቀን 1976

ጋሼ

ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። አጽብሐን አልጠራሁም።

የመኪናውን ፊደል ሳይ የሷ መሰለኝ። ደስ ብሎኝ ወደ ጓሮ ይዤው ሄድኩ። የሷን የምታነብልኝ አዳነች ነበረች። ይህ በሕይወቴ ሰው ሳያነብልኝ ያነበብኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ ነው። ቀስ ብዬ ነው የማነበው። አንዱን ቃል ስጨርስ ሌላውን አላውቀውም ነበር። ሞታለች የሚለውን ሁለት ጊዜ ሳላጋጥመው ቀረሁ። በሦስተኛው ገጠመ።

አላለቀስኩም። ብጮህ ጎረቤት ይመጣል። አዳነች ትሰማለች። አሁን ይጥላታል፣ ስትደነግጥ ይብሳል። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስሬ ተቀመጥኩ። ሰው አይናዲስ እንዴት ናት ሲለኝ ደህና ናት እላለሁ። ጥቁር አልለበስኩም።

ክኒኑን ተቀበልኩ። አዳነች እምቢ አለች። እኅቴ ትታ ድናለች፣ እኔን ለምን ታስሪኛለሽ ትለኛለች። ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። በግድ ባጎርሳት ተፋችው። ትናንት ምድጃ አጠገብ ጣላት። በእጄ ያዝኩት እሳቱን፣ እሷን አልነካትም።

ለምን አትጽፍልኝም፣ ሰርጓ መቼ ነው፣ መቼ ትመጣለች ትለኛለች። ለመንኳት። እሺ፣ አይናዲስ ራሷ ዋጪ ብላ ከጻፈችልኝ እውጣለሁ አለች።

ጋሼ፣ እርስዎ ሐሰት አይጽፉም። አውቃለሁ። ይጻፉላት።

አልጋነሽ

*

አዲስ አበባ፣ አራዳ
ጳጉሜን 2 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለአዳነች፣

እንደምን አለሽ? እኔ ደህና ነኝ።

ሳልጽፍልሽ ስለቆየሁ ተቀይመሽኛል አሉ። ተይ አትቀየሚኝ። ጋሼን ታውቂዋለሽ፤ ዝናቡ በሰዓቱ ካልመጣ ዝናቡን ይቆጣል። የጻፍኩትን ሁሉ ካላረምኩ ይላል። ይህንን ግን አላሳየሁትም።

ያለ ክኒን ዳነች ብለውሽ ከሆነ እንደዚያ አይደለም። ክኒኑን ስተው ከዚያ በፊት ታምሜ የማላውቀውን ያህል ታመምኩ። እማዬ አታውቅም ነበር፤ በእሷ አትፍረጂ። እንድትጨነቅ አልፈለግንም። ጠበሉን አትተዪ፣ ሂጂ፤ ቄሱ ራሳቸው ክኒኑን አልከለከሉም። ማታ ስትመለሺ ግን ዋጪ። እኔም ከእራት በኋላ እውጣለሁ። በአንድ ሰዓት ከዋጥን አብረን የዋጥን ያህል ነው።

በደረትሽ አትተኚ፣ በጎንሽ ተኚ። እማዬ አጠገብሽ ልተኛ ስትልሽ ታንኮራፋለች ብለሽ አታባርሪያት፤ እኔ ብሆን ማንኮራፋቷን እሰማ ነበር። የተቃጠለ እጇን ቅባት ቀቢላት። ምን ሆንሽ ብለሽ ግን አትጠይቂያት።

ሰርግሽ መቼ ነው ላልሽኝ፣ ልጁ ደህና ሰው ነው፤ ገና ነው። መቼ ትመጫለሽ ላልሽኝም መንገዱ ጭቃ ነው፤ የይለፍ ወረቀት የለም። ብቻ በየወሩ ስንት ጊዜ እንደጣለሽ ቆጥረሽ ጻፊልኝ፤ ቁጥሩ ሲቀንስ አብሬሽ ደስ ይለኛል።

ሌላም ጥያቄ ካለሽ ጻፊልኝ። ሁልጊዜ እመልስልሻለሁ።

እኅትሽ
አይናዲስ